በኔ አፍ፣ በኤላ ስም

ጥቅምት 9፣ ማታ 1 ሰ.

ዛሬም ቸርችልን ሦስቴ። ከጊዮርጊስ በር በማዘጋጃ በኩል እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል፤ ከዚያ ሽቅብ። ቁልቁለቱን እኔ እመራለሁ፣ ዳገቱን ኤላ። ዳገት ላይ ማውራት አልችልም። ኤላ ደግሞ ዳገት ላይ ነው ወሬ የሚያምረው። መልስ እንደማልሰጠው ያውቃላ።

ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል። ኤላ በመርፌ ላፍስልህ አለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የዓለም ችግር ሁሉ በመርፌ የሚያልቅ ይመስለዋል። እግሬን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁ።

እስቲ እንተዋወቅ፣ ደብተር። ከፊት በኩል የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ነሽ፣ እስከ እንቁራሪት ድረስ። እንቁራሪቷ ጋ ስንደርስ ት/ቤቱና እኔ ተለያየን። ስለዚህ ከጀርባሽ ጀምሬሻለሁ። ናትናኤል እባላለሁ፤ ሰፈር ጩሌ ነው የሚለኝ። ፒያሳ ሳልባጅ ጫማ ዘርግቼ እሸጣለሁ። ውሸት አይቸግረኝም። ላንቺ ግን አልዋሽም። በሕይወቴ ያልዋሸሁት አንድ ነገር ይኑር ብዬ ነው፣ ደስ እንዳይልሽ።

ጥቅምት 11፣ ከምሳ በኋላ

ገበያ የለም። ለምን እንደምንለማመድ ልንገርሽ።

ክረምት ላይ የኤላ እናት፣ እትዬ የሺ፣ ሆስፒታል ተኙ። ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጎድቷል ተባለ። ኤላ አንድ ወር ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ አደረ። አንድ ወር አልሳቀም። እኔ ደግሞ ኤላ ካልሳቀ ሥራ ፈት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምፎግረው ኤላ እንዲስቅ ነው፤ ሌላው ሰው ምራቂ ነው።

ሐምሌ 23 ጊዮርጊስ ሄድን። በር ላይ ጥላ ዘርግቶ በማይክ ስለት የሚያውጅ ሰውዬ አለ። እገሌ ተስሎ ደረሰለት፣ እገሊት ልጅ ካገኘች ምንጣፍ ታስገባለች፣ ሴቱ እልል ይላል። ኤላ ዓይን አፋር ነው፤ በልቡ አንድ ጥላ ተሳለና ዝም። እኔ ሾልኬ ሄጄ ሰውዬው ጆሮ ላይ ተናገርኩ። እሱም እንዳለ ለቀቀው፦ ኤልያስ የሚባል ወጣት፣ እናቱ ከአልጋ ከተነሱለት፣ ሀገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሊሄድ ተስሏል። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ኤላ መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ሌላ ኤልያስ ፈለገ። ቀጥሎ እኔን አየ። ቀጥሎ ሳቀ። ጉልበቱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ቀልድ ነበር። ችግሩ፣ እትዬ የሺ በሳምንቱ ተነሱ።

ጥቅምት 12፣ ማታ

ደንበኛ መጥቶ አቋረጠኝ። ቀጥሎ የሆነው እንዲህ ነው።

ኤላ፣ የተጠራው የኔ ስም ነው፣ የምሄደውም እኔ ነኝ አለ። እኔ፣ ቀልድ እኮ ነው አልኩ። ክርክሩ ንስሐ አባታቸው ፊት ቀረበ። አባ ጢማቸውን ይዘው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ቅዱሱስ በቀልድ ነው የሰማህ? ለኔ መልስ ማጣት እንደ ጥርስ ማጣት ነው።

አባ ደግ ናቸው። ከከበዳችሁ በሻማ ይለወጣል አሉ። ይሄኔ እትዬ የሺ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ሆነው፣ እኔ ቤቴ የገባሁት በሻማ አይደለም፣ በእግሬ ነው አሉ። ልጆቹ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ ብለው ጎንበስ ብለው ከአልጋ ሥር ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። ሊያስፈራሩን መስሎኝ ነበር። አንዱን እግር አጠለቁት።

ተፈረደ። ስሙ የኤልያስ፣ አፉ የናትናኤል፤ ሁለቱም ይሂዱ። የሰሜኑ መንገድ እስኪቀና ይቆይ፤ ለአሁኑ ከጊዮርጊስ በር እስከ ሞያሌ። ቀሪው ግማሽ ሰላም ሲሆን። በመኪና አንዲት ክንድ አይቻልም።

ሞያሌ የት እንደሆነ ካርታ ላይ አየሁ። ካርታው አለቀ፣ ሞያሌ ገና ነበር።

ጥቅምት 16

ሰፈሩ ሙድ ይዞብን ሊሞት ነው። ግማሹ ሰፈር ፈርሷል፤ የቀረው ግማሽ ሥራው እኛ ሆነናል። ካፌዋ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ማኪያቶ የሚጠጡት ሁሉ ትንቢት ይናገራሉ። እኔን ቃሊቲ ያደርሱኛል፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አላሳለፈኝም። ወርቅ ቤቱ ጋሼ ደግሞ፣ በምትሸጠው ጫማ እስከ ፖስታ ቤት የደረሰ ደንበኛ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ለኤላ ከቦንዳው ምርጡን መረጥኩለት፤ ሶሉ ያልተበላ፣ አፍንጫው የጠነከረ። ለራሴ ሁለተኛውን። ይሄን አትንገሪው።

ጥቅምት 23፣ ማታ፣ ቃሊቲ

ወጣን።

ኪዳን አስደርሰን፣ በሩን ተሳልመን፣ አባ መስቀል አሳልመውን። እትዬ የሺ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው መጡ። እስከ በሩ ሊሸኙን መስሎን ነበር። በሩን አለፉ። ማዘጋጃውን አለፉ። ኤላ እማዬ ይበቃሻል ይላል፣ እሳቸው አይሰሙም። ቸርችልን ቁልቁል፣ በዝግታ፣ እኔ በቀኝ እሱ በግራ። ሐኪም ከአልጋ ወደ ወንበር ብቻ ያላቸው ሴትዮ።

ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርሱ ፌርማታው ላይ ተቀመጡ። የኔ ድርሻ እስከዚህ ነው አሉ። አንድ ወያላ ጆሯችን ሥር ቃሊቲ ቃሊቲ፣ ሁለት ሰው፣ ይጮሃል። ተዋቸው ልጄ፣ እነሱ በእግራቸው ነው ሞያሌ የሚሄዱት አሉት። ወያላው አየን፣ ጫማችንን አየ፣ ከዚያ ሁለታችንንም በየተራ አቀፈን። ምን እንደነካው እንጃ።

ጩሌ ብለው ጠሩኝ። ልጄን እንዳታሳብድብኝ። ደሞ እንዳትተወው።

ዞር ብዬ አላየሁም። እሺ፣ አየሁ። ወደ ዳገቱ እያዩ ነበር።

ማታ 12 ሰ. ላይ ደወሉ። ቃሊቲ ነን አልናቸው። በየቀኑ በ12 ሊደውሉ ተስማማን። የባንኮኒው ትንቢት ግን ነገ ይፈርሳል፤ ከቃሊቲ እወጣለሁ።

ጥቅምት 25፣ ደብረ ዘይት

ከዱከም ደብረ ዘይት። ሙሉውን በእግር። ኤላ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፣ እኔ ቀድሜው ገባሁ። ጠንክሬያለሁ። ደህና እደሪ።

ጥቅምት 26፣ ደብረ ዘይት፣ እንደገና

የትናንቱ ውሸት ነው። ይቅርታ፣ ልማድ ነው።

ኤላ ለጉዳዩ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ባዶ ባጃጅ መጣ። ወደ ፊት ሄጃለሁ ብዬ ጮህኩለት፤ ውሸትም አይደል። ከተማው መግቢያ ላይ ወርጄ፣ ፊቴን ላብ እንዲመስል ውሃ ረጭቼ፣ ድንጋይ ላይ ጋደም ብዬ ጠበቅሁት። ያመነኝ መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ጫማችን በር ላይ ጎን ለጎን ቆሞ አየ። የሱ አፈር ለብሷል። የኔ ገና ደንበኛ የሚጠብቅ ይመስላል። ጫማ ሻጭ በጫማ ተያዘ።

አልተቆጣም። ሻንጣውን አልቤርጎ ትቶ ፊቱን ወደ ዱከም አዞረ። ወዴት? የዘለልካት ቦታ። አንተ ሄደህባታል እኮ አልኩት። ብቻህን አልሰድህም አለ።

ተመልሰን ሄድን። ቁጥቋጦዋ ጋ ሲደርስ እንደ አስጎብኚ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ከዚያ እንደገና ወደ ደብረ ዘይት። ለኔ ውሸት እሱ መንገዱን ሦስት ጊዜ ረገጠው። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 2፣ ዝዋይ፣ ጠዋት

እግሬ ሰው ሆኗል። በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይሄዳል።

መንገድ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ወዴት? ኤላ እውነቱን ይናገራል። ሞያሌ፣ በእግር፣ ስለት ነው። ማንም አያምነውም። እኔ ከመቂ ወዲህ አህያ ጠፍቶብን ነው እላለሁ። ሁሉም ያምናል። ምን ዓይነት? ቡላ፣ ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ። አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዘኑልን። ኤላ በጎን ቆንጠጠኝ።

ዛሬ ንጋት ላይ አልቤርጎው በር ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ አህያ ይዘው ቆመዋል። ሴትዮዋ ነግረዋቸው፣ ሌሊቱን ሲፈልጉ አድረው። ቡላ ናት። ጆሮዋ ሙሉ ነው፤ ምናልባት በቅሎላት ይሆናል አሉ። ኤላ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። የኛ አይደለችም፣ የኛ ተገኝታለች አባቴ አለ። ኤላ ዋሸ። በኔ ምክንያት። ሽማግሌው እግዚአብሔር ይመስገን ብለው አህያዋን ወደ ባለቤቷ ሊመልሱ ሄዱ።

ከዝዋይ ወዲህ አህያ የለንም። በማዕረግ ጡረታ ወጥታለች።

ኅዳር 9፣ ሐዋሳ

አልጻፍኩም። መጻፍ አላሰኘኝም። ቁርጭምጭሚቴ አብጧል። ሻሸመኔ ላይ የፒያሳ ታርጋ የለጠፈች የምትመስል ሚኒባስ አየሁ፤ ታርጋ የሰፈር ስም እንደማይጽፍ አውቃለሁ፣ ግን መሰለችኝ። አልቅስ አልቅስ አለኝ። ምን ሆኜ ነው የሰው እናት ስለት የምከፍለው? ብዬ ለኤላ ተናገርኩት። ክፉ ቃል ነው። እሱ የስልኬን ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ መጠቅለሉን አላቆመም።

ሐይቁ ዳር ቆይተን፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሆስፒታል ሳለ አንድ ቀን ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሻይ ብቻ። እናቱ ነቅተው ጠርተውታል። አጠገባቸው ያሉት አስታማሚ፣ ልጅዎ የለም፣ ሄዷል አሏቸው። ሲመለስ እትዬ የሺ እጁን ያዙት፣ እስኪጠዘጥዘው። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ወር ሻይ አልጠጣም። ይህን ለሰው ነግሮ አያውቅም። ለኔም።

እኔን እኮ እንደዚያ የያዘኝ የለም። እናቴን አላውቃትም፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እጅ የምትይዘው ልትገርፈኝ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ነው። እለፊው።

ነገ እንቀጥላለን። ቁርጭምጭሚቴን በመርፌ እንዳይነካ ብቻ አስማልኩት።

ኅዳር 12፣ ይርጋለም መገንጠያ

ቀላል ቀን። ጥላ፣ ኮባ፣ ቡና፣ አናናስ የሚሸጡ ልጆች። በ12 እትዬ የሺ ደወሉ። ልጃቸውን ምን በላህ አሉት፤ ቀጥለው ያ ጩሌ እግሩ ላይ ነው ወይስ ሰው ጀርባ ላይ? አሉ። ስልኩን ቀምቼ ኤላ ነው ያዘለኝ አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ጠፋ፣ እንደ ሻማ። ስልኩ ነው አለ ኤላ፤ ኔትወርክ።

ኅዳር 15፣ ዲላ፣ ቀን 7 ሰ.

ጾም ገባ። ሽሮ ልንበላ ኤላ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ስልኬ ጠራ። የኔ ስልክ። እትዬ የሺ። በ7 ሰዓት። የሳቸው ሰዓት 12 ነው።

ናትናኤል አሉኝ። ተነስቼ ቆምኩ። በሙሉ ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሆስፒታል ናቸው። ሰውነታቸው ውሃ ይዟል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጎረቤት ነው ያስገባቸው። ለኤላ እንዳትነግረው አሉ። ቢሰማ ነገ እዚህ ነው፤ ያንን ካርቶን ዳግመኛ አላስነጥፈውም። ደሞ ስለቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ አልወድም አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ጫፉን እስክትረግጡ ዋሽልኝ። ይሄ አፍህ አንድ ቀን እንኳ ለኔ ይሥራ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ኤላ እጁን እያራገፈ መጣ። ማነው? አለ። የጫማ ደንበኛ፣ አርባ ሁለት ቁጥር ይፈልጋል አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 15፣ ማታ

በ12 ደወሉ፤ በደህና ድምፅ። ከበስተኋላቸው አንዲት ነርስ ስም ስትጣራ ይሰማል። ኤላ ጆሮውን ሲያቆም አየሁ። መዝሙር ጀመርኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ያለ ዜማ። ኤላ ዝም በል አለኝ። አልኩ እንጂ ዝም፤ ስልኩ ሲዘጋ።

ኅዳር 17፣ ይርጋ ጨፌ

ሁለት ቀን ማንንም አልፎገርኩም። ለሚጠይቀን ሁሉ እኔም ሞያሌ፣ ስለት ነው እላለሁ። ኤላ ግንባሬን በመዳፉ ነካ። አሞሃል? አለ።

ደህና እንድመስል ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመርኩበት። ቀመሰ። አየኝ። በደስታ ጠጣው። አሁን ዳንክ አለኝ።

ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ።

ኅዳር 20፣ ቡሌ ሆራ፣ ማታ

ዛሬ በ12 ሲደውሉ ድምፃቸው ግማሽ ነው። ኤላን፣ ተኝቼ ነው የደወልኩት፣ እንቅልፌ ነው አሉት። እኔን አልጠየቁኝም። ጩሌስ አላሉም።

እያሰብኩ ነው። ብዋሽ እሳቸው ደስ ይላቸዋል፣ ስለቱ ይሞላል፣ ኤላ ጫፉን ይረግጣል። ከዚያስ? አንድ ጊዜ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ወር ሙሉ ሻይ የተወ ልጅ ነው። እናቱ ጠርተው እሱ ሳይኖር ቢቀር፣ ምኑን ይተዋል? መንገድ መሄድን? እኔን?

ብነግረው ደግሞ ቃሌን በላሁ። ሳልዋሽ ቃል ስበላ የመጀመሪያዬ ነው።

አዲስ ነገር አየሽ፣ ደብተር? ውሸት ከበደኝ።

ኅዳር 21፣ ቡሌ ሆራ፣ ጠዋት

ነገርኩት። ቁርስ ላይ። ሆስፒታል ናቸው፣ ከዲላ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እንዳልነግርህ ለምነውኝ ነው።

ፊቴ ላይ ሳቁን ፈለገ። ብዙ ፈለገ፤ ዓይኔ ውስጥ፣ ከንፈሬ ጠርዝ ላይ፣ ሁልጊዜ የሚያመልጠኝ ቦታ። አጣው። ይሄኔ ነው ያመነኝ።

ይመታኛል ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ የታሰረ ጫማውን ፈታ፣ እንደገና አሰረ። እንደገና ፈታ። ከሄድኩ ስለቷን ቆረጥኩት፣ ካልሄድኩ እሷን አለ። እሱ እንዲህ ይላል፣ እኔ ደግሞ ለካ መልሱን ከፒያሳ ጀምሮ ይዤው ነው የምዞረው። አባ ፈርደውታል እኮ አልኩት። ስሙ ያንተ፣ አፉ የኔ። ስሙ እናቱ ጋ ይሂድ። አፉ ይቀጥላል።

አይሱዙ ላይ ትወጣለህ አለ። ሳልወጣ አልቀርም አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ አቀፍኩት፣ ሆቴሉ ሁሉ እያየን።

ኅዳር 22፣ ንጋት

በመጀመሪያው አውቶብስ ተሳፈረ። በመስኮት ጥላውን አቀበለኝ። ያ ጥላ ነው፤ ያኔ በልቡ የተሳለው፣ እናቱ እንደተነሱ ገዝቶት፣ ለፀሐይም ይሆናል ብሎ ከፒያሳ ጀምሮ የያዘው። ሞያሌ አድርሰህ መልስልኝ፣ ከዚያ ለጊዮርጊስ ነው አለ።

አውቶብሱ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። እኔ ወደዚያኛው። እንደ ዕብድ ጮክ ብዬ ሳወራ ራሴን ያዝኩት። ለማን እንደማወራ ታውቂያለሽ። ዳገት ነበር።

ኅዳር 23፣ ከቡሌ ሆራ ወዲያ፣ ማታ

ዛሬ ጊዮርጊስ ነው። ብቻዬን ሙሉ ቀን። የመንገዱ ሰዎች በቀን ብቻ ሂድ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሰው ያለበት ግባ ብለውኛል፤ እታዘዛለሁ። እኔ።

አንድ አይሱዙ አጠገቤ ቆመ። ጋቢናው ባዶ። ሾፌሩ ና ግባ፣ ያቤሎ ነኝ አለ። የሚያየኝ ሰው የለም። ኤላ የለም። ጫማዬን የሚመረምር የለም። ቆሜ አሰብኩ፣ አልዋሽሽም፣ እጀታውን ይዤ አሰብኩ። ከዚያ አህያ ጠፍታብኝ ነው፣ በእግሬ ልፈልጋት አልኩት። ምን ዓይነት? አለ። ቡላ።

በ12 ተደወለ። ከኤላ ስልክ፣ ግን እትዬ የሺ ናቸው። ቁጣቸው ነው የቀደመኝ። አንተ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትዋሽ ኖረህ፣ እኔ ስለምንህ ነው እውነት ያማረህ? አሉ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሱ። ይቅርታ እትዬ፣ አልችል ብዬ ነው አልኳቸው። ከዚያ፣ ልጄ እጄን ይዞኛል አሉ።

ቀጥለው፣ እውነት በእግርህ ነህ? አሉ። እንዴት ላሳምናቸው? ስልኩን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ ተራመድኩ። ዳር ዳሩን ጠጠር ነው መንገዱ። ቀርቅ፣ ቀርቅ፣ ቀርቅ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልስ፣ አንድ ቦታ ቆመህ ነው የምትረግጠው፣ አውቅሃለሁ አሉ። ኤላ ከጎን ሲስቅ ይሰማኛል።

ኅዳር 27፣ ያቤሎ

ቀይ አፈር። ግመሎች ቀስ ብለው መንገድ ሲያቋርጡ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንደ ሚኒስትር። በኦሮምኛ ውሃ ብቻ ነው የማውቀው፤ ቢሻን። ቢሻን ስል ወተት ይሰጡኛል። ጾም ነው ማለቱን አላውቅበት፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አይቀየሙም፣ ውሃውን ያመጣሉ።

በየቀኑ በ12 አሁን ብዙ ወሬ የለም። ኤላ ስልኩን ትራሳቸው ላይ ያደርገዋል፣ እኔ ስልኩን ዝቅ አድርጌ እሄዳለሁ። ስለዚህ ወደ ማደሪያዬ የምገባው ከ12 በኋላ ነው፤ መንደሩ ጫፍ ቀድሜ እደርስና፣ እየተመላለስኩ እጠብቃለሁ። ትናንት ኤላ እንዳለኝ ጠጠሩን ሲሰሙ ይተኛሉ። ከመድኃኒቱ ይሻላል አለ። ሐኪሙ ምን አለ አልኩት። ቀጥል አለኝ። ይሄ መልስ አይደለም። ወይም ነው።

ትናንት ግን አንድ ነገር ተናገሩ። ሰሜኑንስ? አሉ። ግማሹ እኮ ቀረ።

መንገዱ ሲቀና እሄደዋለሁ እትዬ አልኩ። በማይክ አልነበረም። እልልታም አልነበረም። ኤላ እንኳ የሰማ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 2፣ ከሜጋ ወጣ ብሎ፣ ጠ. 3 ሰ.

ግራር ሥር ተቀምጫለሁ። ኮቾሮ በውሃ። የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፍቷል፤ በሽቦ አሰርኩት። ወርቅ ቤቱ ጋሼ ልክ ነበሩ፣ ግን ፖስታ ቤትን አልፈናል ጋሼ።

ሞያሌ ቀርቧል። መንገዱን በቸርችል፣ ከጊዮርጊስ እስከ ቴዎድሮስ አንድ እያልኩ፣ ስቆጥር ነበር የመጣሁት፤ ብዛቱ ጠፍቶብኛል። እትዬ የሺ ያቺን አንዷን በከዘራ ሲወርዱ ለሚያይ ሰው ቀላል ትመስል ነበር።

ስልኩ ጠራ። ኤላ። ሦስት ሰዓት ነው፤ የሳቸው ሰዓት 12 ነው።

ቆመ። አሁን እንደገና እየጠራ ነው።

ተቀምጬ አላነሳውም። ጥላውን ይዣለሁ፣ ሽቦውን አጥብቄያለሁ። መንገዱ ጠጠር ነው። ስልኩን ዝቅ አድርጌ፣ እየሄድኩ ነው የማነሳው። እሳቸው ከሆኑ ይስሙኝ። ኤላም ብቻውን ከሆነ፣ እሱም ይስማኝ።